የማይጠብቀው አስተማሪና አሮጌው ኮምፒውተር

በ1997 ዓ.ም. ገደማ «ፕላዝማ» የሚባለው ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በገባ ጊዜ የኢትዮጵያ ተማሪ አንድ አዲስ ዐይነት መምህር አገኘ። ይህ መምህር አይታመምም፤ አያረፍድም፤ የጠመኔ ብናኝ አይነካውም። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ ከአዲስ አበባ ወደ ሳተላይት ይላካል፤ ከሳተላይቱም በየትምህርት ቤቱ ወደተተከለው ዲሽ ይወርዳል። በጎንደርም፣ በጅማም፣ በደሴም የሚገኝ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ቀን አንዱን ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰማ ነበር። ሐሳቡን የሚነቅፉ ብዙዎች ነበሩ፤ እኔ በበኩሌ ሐሳቡ መጥፎ ነበር አልልም። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀምጦ የኬሚስትሪ ሙከራ ሲሠራ በዐይን ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ዳሩ ግን ይህ መምህር አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ ተማሪውን አይጠብቅም።

እኔ በ1998 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ከአንዱ ክፍለ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህሉን ፕላዝማው ይወስዳል፤ የተረፉት ጥቂት ደቂቃዎች ለክፍሉ መምህር ይቀራሉ። በመስታወቱ ላይ ጥያቄ ይወጣል፤ ለማሰቢያ የተሰጠው ጊዜ ያልቃል፤ መልሱ ይነገራል፤ ገጹም ይገለበጣል። አንድ ወንበር ላይ የምንቀመጥ ሦስት ጓደኛሞች ዘዴ አበጅተን ነበር። አንዱ የገጹን ራስጌ፣ ሁለተኛው ወገቡን፣ ሦስተኛው ግርጌውን እየጻፈ በዕረፍት ጊዜ ገጣጥመን እናነባለን። ኤሌክትሪክ የጠፋ እንደሆነ ግን ዘዴም አይረዳም። እኛ ጨለማ ውስጥ ስንቀመጥ ትምህርቱ አይቆምም፤ ከጣራችን ላይ እየፈሰሰ ያልፋል። መብራት ሲመለስ መምህሩ ሌላ ምዕራፍ ላይ ደርሶ እናገኘዋለን። የክፍሉ መምህራችንም «እስቲ ያለፈውን መልሰህ አሳየን» ሊሉት የማይችሉት የሥራ ባልደረባ ስለነበር እንደኛው ቆመው ያዩታል።

ይህን ማንሣቴ የቆየ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ያው ጉዳይ ቤቴ ድረስ ስለመጣ ነው።

ታላቅ እኅቴ በደሴ ፒያሳ፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ አነስተኛ ሻይ ቤት አላት። እኔም ከሻይ ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ፒያሳን የሚያውቅ ሰው እንደሚያውቀው ሻይ ቤት ሥራ የሚበዛበት ሲመሽ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ከቢሮ ወጥቶ ጎራ ይላል፤ ከኮምቦልቻ የሐረጎን አቀበት ወጥቶ የመጣው መንገደኛ ብርድ መቶት ይገባል። ታዲያ በዚህ ሰዓት ሻዩን የምታመላልሰውና ብርጭቆውን የምታጥበው የእኅቴ የመጀመሪያ ልጅ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን አስቀምጣ ሽርጥ ትታጠቃለች፤ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ደግሞ አትቀመጥም።

የዚህች ልጅ የትምህርት ዘመን የተለየ አልነበረም፤ በወሎ ያሉ የዕድሜ እኩዮቿ ሁሉ ያሳለፉት ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ዘጠነኛ ክፍል በገባችበት ዓመት፣ በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ደረሰ፤ ከተማይቱም እስከ ኅዳር 27 ቀን ድረስ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆየች። ዐሥራ አንደኛ ክፍል ልትገባ ስትል ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቶ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። በዚህ ሁሉ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና እንደ ጦሳ ተራራ ከፊቷ ቆሟል። በ2014ቱ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015ቱም 3.2 በመቶ ሆኑ። እነዚህ ቁጥሮች ለባለሥልጣን የስብሰባ ርእስ ናቸው፤ ለአንዲት ሻይ አመላላሽ ልጅ ግን እንቅልፍ ይነሣሉ።

በጥር 2016 አንድ ምሽት ብርጭቆ እያጠበች ሳለ «አጎቴ፣ ትምህርት የሚሰጥበት ጣቢያ እኮ አለ። ነገር ግን እኔ ይህን ስጨርስ እርሱ ጨርሶ ይሄዳል» አለችኝ። ይህንም ስትል ምሬት አልነበረባትም፤ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ነበር የተናገረችው። እኔን ግን ፕላዝማው ትዝ አለኝ። ለካ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያው መምህር ሳይጠብቅ ኖሯል!

እንግዲህ ሥርጭትን ማስጠበቅ አዲስ ጥበብ አይደለም። የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ቤታማክስ የተባለውን የቤት መቅጃ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሆን በማግሥቱ ዓመት ጄቪሲ የቪኤችኤስን ካሴት አስከተለ። የአሜሪካ የፊልም ኩባንያዎች «ሰው ፊልማችንን በቤቱ ሊቀዳ ነው» ብለው ሶኒን ከሰሱ፤ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በጥር 1984 በአምስት ዳኞች ድምፅ ለአራት ተፈረደ። ሰው በሥርጭቱ ሰዓት ያላየውን ፕሮግራም በሚመቸው ጊዜ ለማየት በቤቱ ቢቀዳ ጥፋት የለበትም ተባለ። ካሴቱን በሀርድ ዲስክ የተካው ቲቮ የሚባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 ገበያ ላይ ዋለ። በውስጡ ሆኖ የሚያሠራው ፕሮግራም ሊኑክስ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የገዛ ኮምፒውተራቸውን መቅጃ ማድረግ የፈለጉ ሰዎች ተነሡ፤ ክላውስ ሽሚዲንገር የተባለ ጀርመናዊ ቪዲአር የተባለውን፣ ኢሳክ ሪቻርድስ የተባለ አሜሪካዊም ሚዝ ቲቪ የተባለውን ፕሮግራም ጽፈው ለዓለም በነፃ ለቀቁት።

ምናልባት አንባቢዬ «በዩኤስቢ የሚቀዳ ሪሲቨር ፒያሳ ሱቅ ውስጥ ሞልቶ የለም ወይ?» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ አለ። ለአንድ ፕሮግራም ይበቃል፤ ገንዘብ የሌለው ሰው በእርሱ ቢጀምር አልነቅፍም። ነገር ግን የሻይ ቤቱ ሪሲቨር የደንበኞች ነው። ኳስ በሚታይበት ምሽት «ጣቢያውን አትንኩብኝ፤ ሒሳብ እየቀዳሁ ነው» የሚል ሰው በፒያሳ ሻይ ቤት ውስጥ ምን እንደሚደርስበት ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ደግሞም ብዙዎቹ ፍላሾች በሚዘጋጁበት አሠራር አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ባይት ሊበልጥ ስለማይችል ረጅሙ ቅጂ ተቆራርጦ ይቀመጣል፤ የአንዳንዱ ሪሲቨር ቅጂም ከዚያው ሪሲቨር በቀር በሌላ አይከፈትም። እኔ የፈለግሁት ከሻይ ቤቱ ተለይቶ፣ ሰው ሳይነካው፣ በየቀኑ በሰዓቱ የሚነሣ ታማኝ ጸሐፊ ነበር።

ኢንተርኔትንም የሚያነሣ አይጠፋም። በዚያን ወራት በደሴ በስልክ ቪዲዮ ማየት የሚባል ነገር አልነበረም። ኢንተርኔቱ ተመለሰ ብንል እንኳ፣ በየቀኑ የሦስት ሰዓት ትምህርት በሞባይል ዳታ ማየት የአንድ ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ የሚችለው አይደለም። ከሰማይ የሚወርደው ግን ለዲሹና ለሪሲቨሩ አንድ ጊዜ ከተከፈለ በኋላ ሒሳብ አይጠይቅም።

መሣሪያው ይህን ይመስላል። ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ከሚሸጥ ነጋዴ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ገዛሁ፤ የማስታወስ ኀይሉ 2 ጊጋ ባይት፣ ሀርድ ዲስኩ 500 ጊጋ ባይት ነው። ለዘመናዊ ጨዋታ ቀርቶ ለዘመናዊ ዊንዶውስም አይበቃም። ለመቅዳት ግን ይተርፋል፤ ምክንያቱንም ማወቅ ደስ ይላል። ከሳተላይት የሚመጣው ሥዕልና ድምፅ አስቀድሞ ተጨምቆ፣ ወደ ቁጥር ተለውጦ ነው የሚወርደው። ኮምፒውተር የሚደክመው ይህን ቁጥር ወደ ሥዕል ሲመልስ ነው። ሲቀዳ ግን ምንም ሳይመልስ፣ እንደወረደ ዲስኩ ላይ ይገለብጠዋል። ከምንጭ ውኃ መቅዳት እንጂ ውኃውን ማፍላት አይደለም። ስለዚህ አቅመ ደካማው ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ አራትና አምስት ጣቢያ ሲቀዳ እንኳ አያልበውም።

ደግሞ ሌላ ጥቅም አለ። ሳተላይቱ ጣቢያዎቹን አንድ በአንድ አይልክም፤ ብዙ ጣቢያዎችን በአንድ ሞገድ ላይ ጠቅልሎ ይልካል። ሪሲቨሩ ጥቅሉን ተቀብሎ አንዱን ብቻ መርጦ ያሳየናል፤ ሌላውን ይጥለዋል። ኮምፒውተሩ ግን መላውን ጥቅል ስለሚያይ በዚያ ሞገድ ላይ ያሉትን የፈለግነውን ያህል ጣቢያዎች ባንድነት ሊቀዳ ይችላል። በሌላ ሞገድ ላይ ያለውን ጣቢያ ጨምሮ ለመቅዳት ግን ሁለተኛ መቀበያ ያስፈልጋል። ይህች ትንሽ ነገር በኋላ በቤታችን ጠብ አስነሥታለች፤ እደርስበታለሁ።

ሊኑክስ ምንድን ነው ለሚል አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ኮምፒውተር ሲከፈት ሥራውን ሁሉ የሚያስተዳድር አንድ መሠረታዊ ፕሮግራም ያስፈልገዋል፤ በየመሥሪያ ቤቱ የምናውቀው ዊንዶውስ ነው። ሊኑክስም የዚሁ ዐይነት ሲሆን የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1991፣ ዕድሜውም 21 ዓመት ነበር። ማንም ሰው ሳይከፍል ይወስደዋል፤ ውስጡንም ከፍቶ ያያል፤ ያሻሽላል። በዚህ ምክንያት ፋብሪካ የረሳቸው አሮጌ ዕቃዎች በሊኑክስ ዘንድ ሳይረሱ ይኖራሉ። ከሊኑክስ ቤተሰቦች ዴቢያን የተባለውን፣ ለመቅጃነትም ቲቪ ሄድኤንድ የተባለውን ፕሮግራም መረጥሁ።

ምርጫው ቀላል ነበር፤ ማምጣቱ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ኢንተርኔት በሌለበት ከተማ ሆኖ ከኢንተርኔት የሚወርድ ነገር መፈለግ ማለት ነውና። አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጄ ሁሉን በአንድ ፍላሽ ጭኖ በአውቶቡስ በሚመጣ ሰው እጅ ላከልኝ። ጣርማ በርን አልፎ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ ፕሮግራም ነው። ዴቢያን በአንድ ከሰዓት በኋላ ተጫነ። በዩኤስቢ የሚሰካውን የሳተላይት መቀበያ ስሰካው ግን ሊኑክስ ዕቃውን ዐወቀው እንጂ ሊያሠራው አልቻለም። ሊኑክስ አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ ያደረገውንና ያልሆነለትን ሁሉ እንደ ጥሩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይጽፋል። መዝገቡን ገልጬ ሳነብ «ፈርምዌር» የሚባል ፋይል እንደጎደለው ስሙን ጠርቶ ጽፎታል። ፈርምዌር መቀበያው በተሰካ ቁጥር ሥራውን የሚያስታውሰው ትንሽ ትእዛዝ ነው፤ መጠኑ በስልክ ከምናነሣው ከአንድ ፎቶግራፍ ያንሳል። ያን ታህል ፋይል ለማግኘት ሌላ ፍላሽ፣ ሌላ አውቶቡስ፣ ሌላ አንድ ሳምንት ፈጀ። በሰባተኛው ቀን በቦታው ሳስቀምጠው የመቀበያው መብራት በራ፤ የእኅቴ ልጅም «አብሽር፣ ተነሣ!» ብላ እንደ በሽተኛ ጎበኘችው።

የዲሹን ነገር ለደሴ ሰው ልብ ብዬ ልናገር። ቴሌቪዥን የሚያስተላልፉት ሳተላይቶች 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ከምድር ወገብ በላይ ይቆማሉ። ቀድሞ ብዙ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የሚታዩበት ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ ከደሴ ሲፈለግ በምዕራብ በኩል፣ ከአድማስ 35 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይገኛል። በምዕራብ ደግሞ ጦሳ አለ። ከተራራው ሥር የተጠጋ ቤት ወይም ከጀርባው ፎቅ የተሠራበት ሰው ዲሹን የት እንደሚያቆም ይቸገር ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ጣቢያዎቻችን ኢትዮሳት ወደተባለው አገልግሎት ሲዛወሩ ሳተላይቱ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ሆነ። ይህም ከደሴ ሲታይ ከምሥራቅ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ዘወር ብሎ፣ ከአድማስ 66 ዲግሪ ከፍ ብሎ፣ ወደ አናታችን ቀርቦ ነው። ስለዚህ በፒያሳ የተጠባበቀ ግቢ ውስጥ፣ በሁለት ቆርቆሮ ጣራዎች መካከል ቢሆን እንኳ ይገኛል። የዲሽ ሠራተኛው የሻይ ቤቱን ኤልኤንቢ አውጥቶ ሁለት መውጫ ያለው ተከለልን፤ አንዱ ገመድ ወደ ሻይ ቤቱ ሪሲቨር፣ ሁለተኛው ወደ እኔ ክፍል ሄደ። ሁለቱ አይነካኩም፤ ኳሱም ሒሳቡም በየበኩላቸው ይሄዳሉ። የክረምቱ ዶፍ ሲወርድ ግን ሁለቱም እኩል ይታወራሉ፤ ለዚህ ሊኑክስም መላ የለውም።

ከዚህ በኋላ የሰዓት ጉዳይ ነበር። በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚሆነው ለኮምፒውተሩ 19 ሰዓት ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ እርሱ ቀን ይለውጣል፤ እኛ ግን ገና ትናንት ውስጥ ነን። የጣቢያዎች የፕሮግራም መግለጫ ቢኖር ኮምፒውተሩ ራሱ አንብቦ በስሙ ይቀዳ ነበር፤ ነገር ግን መግለጫው ባዶ የሚሆንበት ወይም ከሚታየው ፕሮግራም ጋር የማይስማማበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በሰዓት ብቻ እንዲቀዳ ማዘዝ የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። «ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት፣ ይህን ጣቢያ» ይባላል፤ 5 ደቂቃ ቀደም ብሎ እንዲነሣና 10 ደቂቃ ዘግይቶ እንዲተኛ ይታዘዛል። ልጅቱ የሁለቱን ሰዓቶች ማዛመጃ በካርቶን ላይ ጽፋ ከኮምፒውተሩ በላይ ለጠፈችው። ሁለት ሰዓት ያለው ቤት ስላየ አንድ ጎረቤታችን «የባንክ ቤት መሰላችሁ» ብሎ ስቆብናል።

ዋናው ጠላት ግን መብራት ነው። በፕላዝማው ዘመን የነበረው ጠላት ዛሬም አልሞተም፤ አሁን ግን መከላከያ አለን። ለኮምፒውተሩ ሩብ ሰዓት ያህል የሚያቆይ ትንሽ ዩፒኤስ ገዛሁ። ከዚያ በላይ ከጠፋ ይዘጋል። መብራት ሲመለስ ሰው ሳይነካው ራሱ እንዲከፈት በኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ ውስጥ የሚታዘዝበት ቦታ አለ፤ ይህን ማዘዝ ለማንም የመቅጃ ባለቤት ግዴታ ነው። ቲቪ ሄድኤንድም ሲነሣ የሥራ ዝርዝሩን ያይና ሰዓቱ ያላለፈ ፕሮግራም ካለ ከደረሰበት ይቀጥላል። እስከ ጠፋበት ደቂቃ የተቀዳውም አይበላሽም፤ አቀማመጡ እንደ ክር ጥቅል ስለሆነ የትም ቢቆረጥ ያለው ይታያል።

አንድ እንግዳ ነገር ግን ገጠመን። መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ከብዙ ዓመት በፊት ወደነበረ ቀን ይመለሳል፤ ስለዚህ የሚቀዳው ነገር የለም ብሎ ይቀመጣል። ምክንያቱ በውስጡ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ መሞቷ ነበር፤ ኮምፒውተር ተዘግቶ ሳለ ሰዓቱን የምትቆጥርለት እርሷ ናት። በጥቂት ብር አዲስ ባትሪ ተገዝቶ ገባለት። ከዚህም ሌላ ሳተላይቱ ራሱ ከጣቢያዎቹ ጋር ትክክለኛውን ሰዓት ይልካል፤ ቲቪ ሄድኤንድም ይህን ሰምቶ የኮምፒውተሩን ሰዓት እንዲያቃና ሊፈቀድለት ይችላል። ኢንተርኔት ለሌለው ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከየካቲት 2016 ጀምሮ ሥራው ተያያዘ። አንድ ጣቢያ በሴኮንድ 3 ሜጋ ቢት ያህል ከወሰደ የአንድ ሰዓት ትምህርት 1.35 ጊጋ ባይት ይሆናል፤ ስለዚህ ዲስኩ 370 ሰዓት ያህል ይይዛል። ልጅቱ ከሥራ ስትወጣ እግሯን ታጥባ ስልኳን ትይዛለች። በክፍሌ ባለችው ትንሽ ዋይፋይ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ከኮምፒውተሩ ላይ የቀኑን ቅጂ ትከፍታለች። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ የመሥሪያ ቤት ወረቀቴን ሳገላብጥ የፊዚክሱ መምህር ድምፅ ይሰማኛል። ድንገት ዝም ይላል። አቁማው ማለት ነው። እርሳሷ ወረቀቱ ላይ ሲሮጥ ይሰማል። ከዚያ መምህሩ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ደግሞ ይናገራል፤ አንዳንድ ጊዜ ሦስተኛም አራተኛም ያስደግመዋል፤ እርሱም ሳይሰለች ይደግማል። አንድ ሌሊት አንዲት የቬክተር ጥያቄ ላይ ስታስደግመው ቆጥሬ ሰባት ጊዜ አገኘሁ።

ስለ ሕጉም የሚጠይቅ ይኖራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ግለሰብ ለገዛ ራሱ መጠቀሚያ የሚያደርገውን አንድ ቅጂ አይከለክልም። እኔም ካርድ የሚጠይቁትን የተቆለፉ ጣቢያዎች አልነካም፤ የተቀዳውንም በፍላሽ እያበዛሁ አልሸጥም። አንድ ነጋዴ ለዚህ ሥራ አብረን እንድንገባ ጠይቆኝ ነበር፤ ሻዩን ጋብዤ ሸኘሁት።

የ2016ቱ ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ሆኑ። ያን ጊዜ የእኛዋ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ነበር። በ2017 ተፈተነች፤ በዚያ ዓመት ያለፉት 8.4 በመቶ ሲሆኑ እርሷም ከመካከላቸው ሆነች። መቅጃው አሳለፋት አልልም። ሌሊት ቁጭ ብላ ያነበበችው እርሷ ናት፤ በቀን ያስተማሯትም የክፍሏ መምህራን ናቸው። ፈተና በቀረበ ጊዜ ደግሞ እኅቴ ራሷ ሽርጡን ታጥቃ ልጅቱን ከሥራ አስወጥታታለች፤ ይህ ከሁሉ የበለጠ ነበር። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ በእነዚያ ሌሊቶች ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚታገል ሰው በእጁ የሚቆምና የሚመለስ መምህር ነበረው፤ እኛ ይህ አልነበረንም።

አሁን ጠቡ የተነሣው ሌላ ቦታ ነው። መቅጃ ያለው ቤት ምን ይቀዳ፣ ምን ይጥፋ በሚል ክርክር መኖሩ አይቀርም። እኅቴ የምትወደው ተከታታይ ድራማ የሚተላለፈው ትምህርቱ ከሚመጣበት ሞገድ በተለየ ሞገድ፣ በዚያው ሰዓት ነው። መቀበያው አንድ ነውና አንዱን ሲይዝ ሌላው ያልፋል። በረመዳን ደግሞ የግቢያችን እናቶች የመንዙማ ፕሮግራም እንዲቀዳላቸው ያዛሉ፤ ለእነርሱ እምቢ የሚል ሰው በወሎ አልተወለደም። በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ማሪዮን ስቶክስ የተባሉ ሴት ነበሩ። ከ1979 እስከ ሞቱበት እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ድረስ በየቤታቸው በተደረደሩ መቅጃዎች የቴሌቪዥን ዜና ሌት ተቀን ቀድተው 70,000 ያህል ካሴት ትተዋል፤ ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ድርጅትም ተረክቦታል። እርሳቸው ምንም አላጠፉም። እኛ ግን ዲስካችን 500 ጊጋ ባይት ብቻ ስለሆነ በየወሩ አንድ እሑድ ተቀምጠን እንመርጣለን።

ባለፈው እሑድ ዲስኩ ሊሞላ 9 ጊጋ ባይት ብቻ ቀርቶት ነበር። ታናሽ ወንድሟ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ነውና የእርሷን የድሮ ቅጂዎች ይጠብቃል። እኅቴ «የእርሷ ሒሳብ አልቋል፤ ይጥፋና ድራማዬ ይግባ» አለች። ልጁ ገና ያልደረሰበትን የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ ሁሉ አላስነካም ብሎ ኮምፒውተሩ ፊት ቆመ። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነች በስልክ ደወልንላት። «የቬክተሩን አታጥፉ፤ ሌላውን ይምረጥ» አለች። ሁለተኛ መቀበያ የሚገዛበትን ወር ከእኅቴ ጋር በመስማማት ላይ ነን።